ከስድስት ኪሎ እስከ ጀጎል፦ የሙዚየም ጉዞ ማስታወሻ

ዓርብ፣ አዲስ አበባ

የመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ሲገባ ታላቅ እህቴ ሙዚየም እንዙር አለችኝ። የታሪክ አስተማሪ ናት፤ ተማሪዎቿን በየዓመቱ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም እየወሰደች ሰልቸት ብሏታል። እኔም አንድ መስፈርት ጨመርኩ። ዕቃ በመስታወት ውስጥ ተደርድሮ ስሙ በካርድ የተጻፈበትን እንለፈው፤ ቤቱ ራሱ፣ ወይም ቦታው፣ ወይም የሚያስጎበኘው ሰው ከታሪኩ ጋር የተነካካበትን እንፈልግ። በዚህ መስፈርት በ2015 ዓ.ም የተከፈተው የሳይንስ ሙዚየም ወጣ። የፒያሳው የዓድዋ ድል መታሰቢያም ወጣ፤ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ሁለታችንም ቀደም ብለን ስላየነው ነው።

የጀመርነው ከስድስት ኪሎ ነው። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የተቀመጠው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይህን መኖሪያቸውን በ1954 ዓ.ም ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር፣ ግልበጣውን የሞከሩት ሰዎች እዚሁ ቤት አረንጓዴ ሳሎን በሚባለው ክፍል ባገቷቸው መኳንንትና ሚኒስትሮች ላይ ተኩሰዋል። ራስ አበበ አረጋይና ራስ ስዩም መንገሻ ከሞቱት መካከል ነበሩ። ዛሬ ተማሪዎች ደብተር ይዘው በዚያው ደረጃ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ።

አንደኛው ፎቅ ላይ የባህል ዕቃዎቹ የተደረደሩት በብሔረሰብ አይደለም፣ በሰው ዕድሜ ነው። መጀመሪያ ልደትና ልጅነት፣ ቀጥሎ ጉልምስናና ትዳር፣ መጨረሻ ላይ ሞትና ቀብር። ይህን የዘየደው ሰው ሊመሰገን ይገባዋል። የሲዳማው፣ የአፋሩና የጎጃሙ ዕቃ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ማን ከማን ይለያል የሚለው ጥያቄ ይቀርና ሰው ልጁን በምን ያዝላል፣ ሬሳውን በምን ይሸኛል ወደሚለው ትገባለህ። ከዚያ ደግሞ ድንገት የንጉሡ መኝታ ቤት አለ። አልጋው፣ መታጠቢያ ክፍሉ፣ ልብስ መቀየሪያው እንዳለ ነው። መስተዋቱ ላይ ጥይት የበሳው ቀዳዳ ይታያል፤ የዚያው የታኅሣሡ ግርግር ነው። እህቴ ቀዳዳውን ትክ ብላ አየችና «ስንት ገጽ ሳስተምር የኖርኩት ይሄው ነው» አለች።

ወጥታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ደጁ ላይ ያለውን ጠመዝማዛ የሲሚንቶ ደረጃ እዩት። የትም አያደርስም። ጣሊያኖች ያቆሙት ነው፤ ሙሶሎኒ እ.ኤ.አ. በ1922 ሮም ላይ ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን ሠሩለት። ከነፃነት በኋላ ሐውልቱን ማፍረስ አላስፈለገም፤ ጫፉ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበትና ነገሩ አለቀ። እንደዚህ ያለ ቁም ነገረኛ ፌዝ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ከሰዓት በኋላ ቸርችል ጎዳና ዋናው ፖስታ ቤት አጠገብ ያለውን የፖስታ ሙዚየም አየን። ማንም አልነበረበትም። እ.ኤ.አ. በ1894 ፓሪስ የታተሙት የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ሰባት ናቸው። በዝቅተኛው ዋጋ ላይ ምኒልክ በጎን ይታያሉ፤ የ4፣ የ8ና የ16 ግርሽ በሆኑት ላይ ግን ያለው አንበሳው ነው። ቴምብር ለማይሰበስብ ሰው ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።

ቅዳሜ፣ መስቀል አደባባይ

የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም ነው የተከፈተው። ደጁ ላይ ሦስት ሴቶች በሐዘን ቆመዋል። ሕንፃው ትንሽ ነው፤ አንድ ሰዓት ይበቃል ብለን ገብተን ከሰዓት በኋላ ነው የወጣነው።

ያስጎበኙን ሰው በወጣትነታቸው ታስረው የነበሩ ናቸው። ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ ቀልድም አይፈሩም። «ወፌ ላላ» የሚባለው ግርፋት እንዴት እንደሆነ፣ ሰው እጅና እግሩ ታስሮ በብረት ላይ እንዴት እንደሚንጠለጠልና ውስጥ እግሩ እንዴት እንደሚገረፍ ሲያስረዱ እጃቸውን ብቻ ነበር የሚያንቀሳቅሱት። እህቴ «ጋሼ፣ ይሄን በየቀኑ ሲያወሩ አይከብድዎትም?» አለቻቸው። «ዝም ማለቱ ነበር የሚከብደው» አሉ።

ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በፎቶ ተሞልቷል። አብዛኛው የተማሪ ፎቶ ነው፤ ለመታወቂያ የተነሱት፣ ጸጉራቸው አፍሮ፣ የሸሚዛቸው ኮሌታ ሰፊ። ከጅምላ መቃብር የወጡ አፅሞች፣ ልብሶችና ትናንሽ የግል ዕቃዎች በመደርደሪያ ላይ አሉ። ባለ መስታወት መደርደሪያ አንፈልግም ያልኩት እኔ እዚህ አፌን ያዝኩ። እዚህ መስታወቱ ሌላ ሥራ ነው ያለው።

ከዚያ ወደ አምስት ኪሎ ሄድን። ብሔራዊ ሙዚየምን መዝለል አልተቻለም፤ ምክንያቱ ደግሞ አንድ ቀን ነው። ደርግ ስድሳዎቹን ባለሥልጣናት የረሸነው ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም ሌሊት ነው። ድንቅነሽ ሐዳር ላይ የተገኘችው በማግስቱ፣ ኅዳር 15 ነው። ሁለቱ ሙዚየሞች በታክሲ የአጭር ጊዜ መንገድ ይራራቃሉ፤ የሁለቱን ቀን አያይዞ የሚያስረዳ ጽሑፍ ግን አንዳቸውም ጋ አላየሁም። አንዱ ዘንድ ሟቾቹ ገና የትናንት ናቸው፤ ሌላው ዘንድ ሟቿ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ሆኗታል። የምትታየው ቅጂዋ መሆኑን ለማታውቁ፦ ዋናው አፅም በጥንቃቄ ተቆልፎበት ነው የሚቀመጠው።

እሑድ፣ መካኒሳ

ዞማ ሙዚየም። ከሁለቱ የሐዘን ቀናት በኋላ ደግ አደረግን። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የሥነ ጥበብ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ ያቋቋሙትና በ2011 ዓ.ም ለሕዝብ የከፈቱት ነው። ቤቶቹ የጭቃ ናቸው። ጭድ የገባበት፣ በደንብ ቦክቶ የከረመ ጭቃ፤ እንደ አያቶቻችን ቤት በእንጨት ላይ የተመረገ። ልዩነቱ መራጊው እጁን እዚያ ላይ አለማቆሙ ነው። ግድግዳው ላይ ጭቃው ይጠማዘዛል፣ ይጎነጎናል፣ ክብ ይሠራል፣ እንደገና ይፈታል። ጠጋ ብዬ ሳየው የጣት አሻራ የሚመስል መስመር አገኘሁ፤ በጣቴ ተከተልኩትና ከመስኮቱ ሥር ጠፋ።

ኤልያስን ዓለም የሚያውቀው ከተጣለ የኮምፒዩተር ኪቦርድና ከኤሌክትሪክ ሽቦ በሚሠራቸው ሥዕሎች ነው። ቆሻሻ ተብሎ የተጣለ ነገር እሱ እጅ ሲገባ ሌላ ይሆናል፤ ጭቃ ቤትም በከተማችን ዓይን እንዲሁ የተጣለ ነገር ነው። አዲስ አበባ ጭቃ ቤቷን እያፈረሰች መስታወት ስታቆም እዚህ ጭቃው በመግቢያ ትኬት ይታያል። ግቢው ውስጥ የአትክልት ቦታ፣ ላሞች፣ የልጆች ትምህርት ቤት አለ። ሕፃናት የሚሯሯጡበት ሙዚየም ስታገኙ ጥበቃ ሲቆጣቸው ካልሰማችሁ ቦታው ጥሩ ነው።

ሰኞ፣ መልካ ቁንጡሬ እና ጢያ

በጠዋት በአለም ገና በኩል ወጣን። መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አዋሽ ገና ትንሽ ወንዝ ሆኖ ሳለ የሚሻገሩበት ቦታ ነው። በቡታጅራ መስመር የሚያልፍ መኪና ሁሉ ድልድዩን ያውቀዋል፤ ሙዚየሙን ግን አብዛኛው ተሳፋሪ አያውቀውም። ሳር ክዳን ጎጆዎች ናቸው። በ2016 ዓ.ም በአቅራቢያው ካለው የባልጪት ቦታ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

ጎጆዎቹ ውስጥ የድንጋይ መሣሪያዎች በየዘመናቸው አሉ፤ ደህና ናቸው። ዋናው ነገር ግን ውጭ ነው። ጎምቦሬ በሚባለው ቦታ የተቆፈረው ወለል እንዳለ ተትቷል፤ መጥረቢያ የሚመስሉት ድንጋዮች ሠሪዎቹ የጣሉበት መሬት ላይ ናቸው፣ ማንም አንስቶ ጠረጴዛ ላይ አላስቀመጣቸውም። በዚሁ አካባቢ 700,000 ዓመት ገደማ የሆነው የሰው ዘር ዱካ ተገኝቷል፤ የልጆችም አለበት፣ ከጉማሬና ከሌሎች እንስሳት ዱካ ጋር። ያስጎበኘን ልጅ ጥቁር የባልጩት ስባሪ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ጠርዙ አሁንም ይቆርጣል፤ አውራ ጣቴን ጭሮኛል።

ጢያ ላይ ብዙ አልቆየንም፤ ፀሐዩ ከባድ ነበር። 36 ትክል ድንጋዮች፣ አብዛኞቹ ላይ ጎራዴ ተቀርጿል። ከሥራቸው መቃብር አለ። ታሪኩን የሚያውቅ አስጎብኚ ሳትይዙ አትግቡ፤ ካለበለዚያ የቆመ ድንጋይ አይታችሁ ትመለሳላችሁ።

ማክሰኞ፣ መንገድ

ሆሳዕና፣ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ። መንገድ ብቻ። ማታ የጫሞ አሣ በላን፤ ሌላ የሚጻፍ የለም።

ረቡዕ፣ ኮንሶ

ካራት ከተማ ያለው የኮንሶ ሙዚየም ከዚህ ጉዞ ሁሉ ለሰው የምመክረው ነው። ውስጡ ያሉት ዋካዎች ናቸው፦ ለጀግና ሰው መቃብር የሚቆሙ የእንጨት ምስሎች። ጠላት የገደለ፣ ወይም ነብርን የመሰለ አውሬ የጣለ ሰው ሲሞት ይቀረጽለታል። መሐል እሱ ይቆማል፤ ጎንና ጎኑ ሚስቶቹ፤ ከዚያ የገደላቸው። ግንባሩ ላይ የጀግንነቱ ምልክት አለ፤ ጥርሱ የተሠራው ከአጥንት ነው።

ሙዚየሙን ሙዚየም ያደረገው ግን ሌብነት ነው። ምስሎቹ በጌጥ ፈላጊዎች ዘንድ ዋጋ ማውጣት ሲጀምሩ ሌሊት ከመቃብር ላይ እየተነቀሉ ወደ አዲስ አበባና ወደ ውጭ ተሸጡ። ከተያዙት ብዙዎቹ ተመልሰው እዚህ ተሰበሰቡ። እያንዳንዱ የአንድ ሰው መቃብር ነበር፤ አሁን የማን እንደሆነ የማይታወቅ ብዙ ነው። መልሰው ቢተክሏቸው እንደገና ይሰረቃሉ፣ እዚህ ቢቀሩ ደግሞ ከሟቹ ተለይተዋል። አስጎብኚያችን፣ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ወጣት፣ አንዱን እያሳየን «ይሄ ሰውዬ እንግዳ ሆኗል» አለ። ወደ ቀኙ የተሰነጠቀ ፊት ነበረው፤ ምስጥ የበላው እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በታች የለም። የተሠራው ለዝናብ ነበር፤ አሁን ጣሪያ ሥር ነው።

ከሰዓት በኋላ በ2003 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ወደተመዘገበው የእርከኑ አገር ወጣን። በድንጋይ የታጠሩትን መንደሮች አየን፤ አደባባያቸው ላይ በየ18 ዓመቱ አንድ የሚጨመርበት የትውልድ ምሰሶ ቆሟል። ቁጥሩን ቆጥሮ የመንደሩን ዕድሜ ማስላት ይቻላል። ጨቃ የሚባለውን የአካባቢውን ጠላ ተጋበዝን። እህቴ ቆዳ ስለሚፍቁት የኮንሶ ሴቶች ጠየቀች፤ በድንጋይ መፋቂያ ይሠሩ እንደነበር ማንበቧን ነገረችኝ። እውነት ነው፤ ይህን ሙያ ተመራማሪዎች መጥተው አጥንተውታል፤ ድንጋዩን የሚጠርቡትም ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው። ሰኞ ዕለት አውራ ጣቴን የጫረኝ ዓይነት መሣሪያ እዚህ የአያት ዕቃ ነው።

ሐሙስ፣ ቀይ አፈር

ሐሙስ የቀይ አፈር ገበያ ነው፤ ቀኑን አስበን ነበር የመጣነው። በና፣ ሐመር፣ አሪ ሁሉም ይገናኙበታል። ወንዶቹ ቦርኮቶ ይይዛሉ፦ ሲቀመጡ በርጩማ፣ ሲተኙ ትራስ የሚሆን ትንሽ እንጨት። አንድ ሽማግሌ የያዙት ከአሮጌነቱ የተነሳ መሐሉ ጎድጉዶ ያብረቀርቅ ነበር። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ክፍያውንም ተስማሙ፤ መብታቸው ነው።

ዓርብ፣ ጂንካ

የደቡብ ኦሞ ምርምር ማዕከልና ሙዚየም ኮረብታ ላይ ነው ያለው። ከላይ ሆናችሁ ከተማውን ስታዩ መሐሉ ላይ ረጅም የሣር ሜዳ ይታያል። የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ አሁን ከብት ይግጥበታል። ማዕከሉ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጀርመናዊው የሥነ ሰብዕ ተመራማሪ ኢቮ ሽትሬከር በመሩት ጥረት ነው።

ቦርኮቶው እዚህ መስታወት ውስጥ ነው። ትናንት ያን ያህል ካየን በኋላ ደርቆ ታየኝ። ሆኖም የጽሑፍ ማብራሪያዎቹ ከብዙ የአገራችን ሙዚየሞች የተሻሉ ናቸው፤ የአካባቢው ሰዎች፣ በተለይ ሴቶች፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሥራ የሚሉትን ያስነብባሉ። ቱሪስት የሙርሲ ከንፈር ፎቶ ብቻ ይዞ ከሚመለስ መጀመሪያ እዚህ ቢገባ ደስ ይለኛል። ለኛም ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ፣ ሙዚየሙ ሐሙስ ገበያው ዓርብ ቢሆን፣ ይሻል ነበር፤ ገበያው ግን ቀኑን ለማንም አይቀይርም።

ሰኞ፣ ድሬዳዋ

በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ፣ አንድ ቀን እረፍት፣ ከዚያ ድሬዳዋ። ከዚራ ጥላ ሥር ቁርስ በልተን ወደ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ሄድን። ከተማዋ ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት አልቻለምና ሜዳው ላይ አዲስ ጣቢያ ተቆረቆረ፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም ገደማ እዚህ ደረሰ። በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ይሏት ነበር። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው።

ጣቢያው ውስጥ ያለው ወርክሾፕ ሙዚየም ተብሎ አልተሠራም፤ ሥራው ቆሞ ሙዚየም ሆነ። ሰፊ አዳራሽ ነው፦ ቶርኖዎች፣ መብሻዎች፣ ረጃጅም ቀበቶዎች፣ ጎማቸው የወለቀ ፉርጎዎች፣ በፈረንሳይኛ የተጻፈባቸው ሰሌዳዎች። ዘይቱ አሁንም ይሸታል። ያስጎበኙን አዛውንት የድርጅቱ ሠራተኛ ነበሩ። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና የወርክሾፕ ፈረንሳይኛ እያቀላቀሉ ይናገራሉ። አንዱን ቶርኖ እየነካሁ «ጋሼ፣ ይሄ አሁንም ይሠራል?» ስላቸው «መብራት ካለ ይሠራል» አሉኝ፣ በሙሉ ቁም ነገር። ከዚያ መሣቢያ ከፍተው በልካቸው የተደረደሩ ብሎኖች አሳዩን፤ እያንዳንዱ በግራሶ ተቀብቷል። ማንም የማይጠቀምበትን ብሎን ግራሶ የሚቀባ ሰው ያለበት ቦታ ነው።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ውጭ ነው። ይህ የድሮው ግቢ ደግሞ በከተማው እምብርት ያለ ውድ መሬት ነው። ቶሎ ብላችሁ እዩት።

ማክሰኞ፣ ሐረር

በደንገጎ ዳገት፣ በአወዳይ የጫት ገበያ በኩል ሐረር ገባን። ጀጎል ውስጥ ሦስት ቤት አየን።

የራምቦ ቤት የሚባለው ውብ የእንጨት ቤት ነው፤ ባለቀለም መስታወቱ ያምራል። ገጣሚው ግን አልኖረበትም፤ ቤቱን ከእሱ በኋላ አንድ የህንድ ነጋዴ ነው ያሠራው። አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 ሐረር ሲመጣ ግጥም ትቶ ቡና ነጋዴ ሆኖ ነበር፤ ኋላም ለምኒልክ ጠመንጃ ሸጧል። የሚያዋጣው ሐረርን ያነሳባቸው የድሮ ፎቶዎች ናቸው።

የሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ ጌይ ጋር፣ አምስት መደብ አለው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የተወሰነ ነው። ወለሉ ቀይ ነው፤ በ1879 ዓ.ም ጨለንቆ ላይ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይላሉ። ከበሩ በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከተሰቀለ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። አንዲት እናት ለእህቴ ይህን ሲነግሯት ወደ እኔ ዘወር ብለው «አንተስ ወንድሜ፣ አገባህ?» አሉኝ።

የሸሪፍ ሙዚየም የመጨረሻችን ነበር፣ ከኮንሶው ጋር ላስተካክለው የምችለውም እሱን ብቻ ነው። አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ የተባሉ የሐረር ተወላጅ በራሳቸው ቤት፣ በራሳቸው ገንዘብ መሰብሰብ የጀመሩት ነው፤ አሁን ያለው በራስ ተፈሪ ቤት ነው። የአሚሮቹ ዘመን ሳንቲሞች፣ ማሃለቅ የሚባሉት፣ ሐረር የራሷን ገንዘብ ትመታ እንደነበር ይመሰክራሉ። የብር ጌጥ፣ ጎራዴ፣ የድሮ የሐረሪ ሙዚቃ ቅጂዎች አሉ። ከሁሉም በላይ በእጅ የተጻፉት ቁርኣኖችና ኪታቦች ናቸው፤ ቆዳቸውን የሚጠግኑበትን፣ ገጾቹን የሚሰፉበትን ሥራ ጠይቃችሁ ካያችሁ ግማሽ ቀን ይሄዳል። እህቴ አንዱን መጽሐፍ ባየችበት ቆማ ቀረች፤ ሽፋኑ ላይ ያለው የሐረር ጠራዦች ማኅተም መሳይ ጌጥ ማለቂያ የለውም። ሄዳችሁ መስኮት መስኮቱን አይታችሁ አትውጡ፤ ጠይቁ። ሰዎቹ ማስረዳት ይወዳሉ።

ማታ ሆቴል ላይ ስለሚቀጥለው ተነጋገርን። እኔ ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስን አነሳሁ፤ ዕቃ ቤቱ ውስጥ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አፅም በመስታወት ሳጥን አለ። ሴት ደሴቱ ላይ እንደማትወጣ እህቴ ከእኔ በላይ ታውቃለች። «ሂድ፣ አይተህ ንገረኝ» አለች። «እኔ መቐለ የዐፄ ዮሐንስ ቤተ መንግሥት እጠብቅሃለሁ።»